የሰርቮ ምርጫ ለትልልቅ ሞዴል አውሮፕላን፦ በደሴና በኮምቦልቻ ከፍታ

ሰርቮ በሪሞት ታዞ የአውሮፕላኑን ገጽ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ለመምራት የሚታጠፈውን የክንፍ ወይም የጭራ ክፍል፣ የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው። «ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ገጹን የሚገፋው ጫና ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰርቮው አነስ ቢልም ይችለዋል።» ይህ አባባል ሲሰሙት ያሳምናል። የሚረሳው ግን አንድ ነገር አለ፦ አየሩ ሲሳሳ የአውሮፕላኑ ክብደት አብሮ አይሳሳም።

ቁጥሩን እንየው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ 1.02 ይሆናል፤ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ 0.96። ይህ በመደበኛ ሙቀት ሲሰላ ነው፣ በሞቃት ቀትር ከዚህም ይወርዳል። አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት በዚህ አየር ላይ ለመሸከም መፍጠን አለበት፤ ኮምቦልቻ ላይ በ10 ከመቶ ገደማ፣ ደሴ ላይ በ13 ከመቶ። ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር የሚያርፍ አውሮፕላን ደሴ ላይ በ49 ያርፋል። የአየር ጫና ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ስስነቱ የቀነሰውን ፍጥነቱ መልሶ ይሞላዋል፣ ሰርቮው የሚታገለው ከዚያው ጫና ጋር ነው።

እንዲያውም እዚህ ነገሩ ይከብዳል፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ የቤንዚን ሞተር ደሴ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ያን ለማካካስ ከፍ ያለ ሞተር ይገጠማል፣ ክብደት ይጨምራል። 10 ኪሎ የነበረው አውሮፕላን 11 ኪሎ ሲሆን ለመብረር የሚያስፈልገው የአየር ጫና በዚያው በ10 ከመቶ ያድጋል፣ ኤሌሮኑም (የክንፉ ገጽ) ኤሌቬተሩም (የጭራው አግድም ገጽ) ያንን ይቀበላሉ። ሁለተኛው መርገብገብ ነው። ገጹ በራሱ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መርገብገብ ሲጀምር የሚያበርደው የአየሩ ውፍረት ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ፣ እውነተኛው ፍጥነት ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በሰርቮው ጥርስና በማያያዣው ላይ ያለች ትንሽ ልልነት ቆላ ላይ ምንም ሳትሆን ታልፍ ይሆናል፣ ደሴ ላይ ግን አታልፍም።

ከዚህ በታች «ትልቅ» የምንለው ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር የሚጀምረውን፣ ከ30 ሲሲ እስከ 200 ሲሲ ሞተር ያለውን ነው።

ምርጫው ከካርቶኑ ሳይሆን ከገጹ ይጀምራል

ሰርቮ ላይ «25 ኪሎ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ከሰርቮው መዞሪያ ዘንግ መሃል 1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 25 ኪሎ መጎተት ይችላል ማለት ነው። ትክክለኛ ስሙ 25 ኪሎ-ሴንቲ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ጉተታው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ያው ሰርቮ የሚጎትተው 10 ኪሎ ብቻ ነው።

ለአንድ ገጽ ስንት ኪሎ-ሴንቲ እንደሚያስፈልግ በወረቀትና በካልኩሌተር ይወጣል። የገጹን ስፋት ከማጠፊያው እስከ ኋላ ጠርዝ በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ርዝመቱንም እንዲሁ። ስፋት በስፋት፣ ሲባዛ በርዝመት፣ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ (በሰከንድ ስንት ሜትር)፣ ሲባዛ በማዕዘኑ ሳይን፣ ከዚያ ለ320,000 አካፍሉ። ሳይኑ ለ20 ዲግሪ 0.34፣ ለ30 ዲግሪ 0.5፣ ለ45 ዲግሪ 0.71 ነው። ፍጥነቱን የባሕር ጠለል አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ማለትም ደሴ ላይ በሰከንድ 34 ሜትር የሚበር ከሆነ 30 ብላችሁ አስገቡ፣ 320,000 የምትለዋ ቁጥር የተሠራችው በባሕር ጠለል አየር ስለሆነ።

ምሳሌ፦ 2.2 ሜትር ክንፍ፣ 50 ሲሲ ሞተር፣ ኤሌሮኑ 85 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። 13 በ13፣ በ85፣ በ900 (የፍጥነቱ፣ የ30 ካሬ)፣ በ0.5 (30 ዲግሪ) ተባዝቶ 6,464,250 ይመጣል። ለ320,000 ሲካፈል 20.2 ኪሎ-ሴንቲ። ይህ ማጠፊያው ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው። ገጹ ከማጠፊያው ፊት ለፊት ሚዛን የሚጠብቅ ቅጥያ ካለው ከዚህ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ እኛ አንቀንሰውም።

የስፋቱ ካሬ ላይ ልብ በሉ። ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጫናው እጥፍ ይሆናል፤ ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ። አክሮባት አውሮፕላን ላይ ረደሩ (የጭራው ቋሚ ገጽ) ሁልጊዜ ከባዱን ሰርቮ የሚጠይቀው በዚህ ነው፣ አጭር ቢሆንም ሰፊ ነው።

ክንድና ቀንድ

የሰርቮው ክንድና ገጹ ላይ የተተከለው ቀንድ እንደ ማንሻ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ማጠፊያው ላይ 20 ኪሎ-ሴንቲ ካስፈለገ፣ ቀንዱም ከማጠፊያው መስመር 4 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ ዘንጉ 5 ኪሎ መግፋት አለበት። የሰርቮው ክንድ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሰርቮው ያንኑ 20 ይሸከማል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 12.5 ብቻ። ሰርቮውን ሳትቀይሩ፣ ሳንቲም ሳታወጡ ሸክሙን በሲሦ ገደማ አቀለላችሁ።

ዋጋው ሰርቮው ብዙ መዞር ስላለበት ነው። በ2.5 ክንድና በ4 ቀንድ ገጹን 30 ዲግሪ ለማድረስ ሰርቮው 53 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ሪሞቱ ላይ የሰርቮው ጉዞ 100 ከመቶ ሲባል አብዛኛው ሰርቮ 40 እና 45 ዲግሪ መካከል ስለሚቆም፣ ከ120 እስከ 130 ከመቶ መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ሙሉውን የሰርቮ ጉዞ መጠቀም ማለት ነው። በየጊዜው የምናየው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው፦ ረጅም ክንድ ይገጠማል፣ ገጹ ሲበዛበት ሪሞቱ ላይ ወደ 50 ከመቶ ይወርዳል። በዚህ አሠራር የሰርቮው ጉልበት ግማሽ ይባክናል፣ የእጅ ትክክለኛነትም ግማሽ ይባክናል፣ የጥርሱ ልልነት ደግሞ ገጹ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የክንዱን ርዝመት የሚወስነው የሚፈለገው ማዕዘን ነው፤ መጀመሪያ ሪሞቱን ክፈቱ፣ ከዚያ የሚበቃውን አጭር ክንድ ፈልጉ።

ቀንዱን በተመለከተ፣ የዘንጉ ቀዳዳ በትክክል ከማጠፊያው መስመር በላይ ይዋል። ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ማዕዘን እኩል አይሆንም፣ በሪሞት ማስተካከሉም ሰርቮውን በአንድ በኩል ያጣብቀዋል።

በስሌት የመጣውን ቁጥር በ2 አባዙ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሰርቮው ተገትሮ የሚቆምበት ጉልበት ነው፤ በዚያ ሸክም ፍጥነቱ ዜሮ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚስበውም የመጨረሻውን ነው። በግማሹ ሲሠራ ይፈጥናል፣ አይግልም። ስለዚህ ለምሳሌያችን ኤሌሮን 12.5 በ2፣ 25 ኪሎ-ሴንቲ እንላለን።

በየክፍሉ ስናወርደው እንዲህ ይመስላል። ለ30 ሲሲ በየገጹ ከ12 እስከ 15 ኪሎ-ሴንቲ፣ ለ50 ሲሲ ከ18 እስከ 25፣ ለ100 ሲሲ (2.6 ሜትር ክንፍ አካባቢ) ለኤሌሮንና ለኤሌቬተር ከ25 እስከ 35፣ ለረደሩ 40 ወይም ሁለት ሰርቮ። ከ150 ሲሲ በላይ በአንድ ኤሌሮን ሁለት ሰርቮ የተለመደ ነው። ቀስ ብሎ የሚበር፣ እውነተኛ አውሮፕላን የሚመስል ሞዴል ገጹን ከ20 ዲግሪ በላይ ስለማያዞር የታችኛው ቁጥር ይበቃዋል። የጋዙ ሰርቮ (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረው) ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ 4 ኪሎ-ሴንቲ ይበቃዋል፣ አሮጌ ፉታባ ኤስ3003 እንኳ ይሠራል። ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ዘንግ ግን ብረት አይሁን፣ የሞተሩን የእሳት ጫጫታ ወደ ሬዲዮው ይዞ ይመጣል። ፕላስቲክ ወይም ናይሎን ይሁን።

ወረቀቱን ማንበብ

መጀመሪያ ቮልቱን እዩ። ሂቴክ ኤችኤስ-7955ቲጂ በ4.8 ቮልት 18፣ በ6 ቮልት 24 ኪሎ-ሴንቲ ነው። አንድ ሰርቮ፣ ሁለት ቁጥር። ማስታወቂያ የሚጽፈው ሁልጊዜ ትልቁን ነው። «35 ኪሎ» ተብሎ በ8.4 ቮልት የተለካ ሰርቮ 6 ቮልት ባትሪ ላይ ስታስሩት 25 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ግልባጩ ደግሞ ይብሳል፦ 7955ን የመሰለ የ6 ቮልት ሰርቮ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 2 ሴል ሊፖ ባትሪ ላይ (8.4 ቮልት) ከታሰረ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁሉም ሰርቮዎች የሚስማሙበትን አንድ ቮልት መርጣችሁ ከዚያ ግዙ፤ በአንድ አውሮፕላን ላይ የ6 እና የ8.4 ቮልት ሰርቮ አትቀላቅሉ።

ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የሚገዟቸው ሁለቱ፣ ኤስጂ90 እና ኤምጂ996አር፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ስላሉ ይፈትናሉ። ኤስጂ90 9 ግራም ነው፣ ስለ እሱ ማውራት አያስፈልግም። ኤምጂ996አር 55 ግራም፣ የብረት ጥርስ ያለው፣ በ6 ቮልት 11 ኪሎ-ሴንቲ ተብሎ የሚጻፍ ነው። ለሮቦት ክንድ ይሁን። ለአውሮፕላን የሚጥለው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፦ ከግራ ሲመለስና ከቀኝ ሲመለስ መሃሉ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፣ ጥርሱም ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ጨዋታ (ልልነት) አለው። አብራሪው አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ አልሄድ ሲለው ስህተቱን ክንፉ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

የጥርሱ ጉዳይ፦ ፕላስቲክ ጥርስ ከጋዙ በቀር የትም አይግባ። ናስና ብረት የተቀላቀለበት ይሠራል፣ ግን ናሱ ቶሎ ይበላል። ሙሉ ብረት ወይም ታይታኒየም ለ50 ሲሲ እና ከዚያ በላይ እንመርጣለን። የቤንዚን ሞተር ንዝረት ጥርስ ላይ የሚሠራው ሥራ ከበረራው ሸክም አይተናነስም፤ ሰርቮው ዝም ብሎ መሃል ላይ ቆሞ ሳለ እንኳ ያችኑ አንድ ጥርስ ሲቀጠቅጥ ይቆያል። ስለዚህ የሚላላው ሁልጊዜ መሃሉ ነው።

ዲጂታል ሰርቮ በሰከንድ 300 ጊዜ ገደማ ራሱን ያርማል፣ የድሮው አናሎግ 50 ጊዜ። ለትልቅ ገጽ ዲጂታል የሚመረጠው ገጹን በቦታው ጨምድዶ ስለሚይዝ ነው፤ በምላሹ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሰርቮው ቦታውን የሚያውቀው ከሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ላይ ካለው የሬዲዮ መቀበያ) በሚመጣ ምልክት ርዝመት ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ሰርቮው የማይነቃበትን የምልክት ለውጥ ስፋት ፈልጉ፤ 1 ወይም 2 ማይክሮ ሰከንድ ጥሩ ነው፣ 5 ከሆነ መሃሉ ይንሳፈፋል። በሰርቮው ውስጥ ያለው ሞተር ዓይነት (ተራ፣ ኮርለስ፣ ብራሽለስ) ዕድሜውን ይወስናል፤ ብራሽለሱ የሚበላ ካርቦን ስለሌለው ይቆያል፣ ውድም ነው።

ፍጥነቱ 60 ዲግሪ ለመዞር በሚወስደው ሰከንድ ይጻፋል። ለአክሮባት ከ0.10 እስከ 0.15፣ ለረጋ በረራ 0.20 ይበቃል። ፈጣኑን ብቻ ፈልጎ መግዛት ሌላ ወጥመድ አለው፦ በጣም ፈጣን ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ለሄሊኮፕተር ጭራ የተሠሩ ናቸው፣ መሃላቸው 760 ማይክሮ ሰከንድ ነው። የአውሮፕላን ሰርቮ መሃል 1,500 ወይም 1,520 ነው። 760ው ከተራ ሪሲቨር ጋር አይሠራም፣ ወደ አንድ ዳር ሄዶ ይጣበቃል።

የሰርቮው መዞሪያ ዘንግ ጫፍ የጥርስ ቁጥርም አይረሳ። ፉታባና ሳቮክስ 25፣ የተለመደው ሂቴክ 24፣ ጄአር 23 ጥርስ አላቸው። የ25 ክንድ በ24 ጥርስ ላይ ተገፍቶ ይገባ ይሆናል፣ ከዚያ ግን ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ ስለሆነ፣ የተሳሳተ ክንድ ማለት ወራት መጠበቅ ነው። ሰርቮ ስታዝዙ የአሉሚኒየም ክንዱን፣ መለዋወጫ ጥርሱን፣ እና ከዚያው ሞዴል አንድ ትርፍ ሰርቮ አብራችሁ እዘዙ። ለማስመጣትም ለማብረርም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ የሚመለከተውን አካል ጠይቁ፤ ኮምቦልቻ ኤርፖርት አካባቢ ማብረር ጭራሽ አይታሰብም።

ኤሌክትሪኩ

ጥሩ ሰርቮ በደካማ መስመር ላይ መጥፎ ሰርቮ ነው። 25 ኪሎ-ሴንቲ የሚጎትት ዲጂታል ሰርቮ ተገትሮ ሲቆም 4 አምፔር ያህል ይስባል። አምስቱ በአንድ ጊዜ ሲጨነቁ 20 አምፔር ደረሰ ማለት ነው፣ ለቅጽበትም ቢሆን። የሰርቮ ሶኬት አንዷ ፒን በምቾት የምትሸከመው 3 አምፔር ገደማ ስለሆነ፣ ባትሪውን በአንድ ተራ ሶኬትና በአንድ ርካሽ ማብሪያ ወደ ሪሲቨሩ ማስገባት ለ50 ሲሲ እንኳ አይበቃም። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ፣ ሁለት መስመር ይሁን። ከ100 ሲሲ ጀምሮ ሰርቮዎቹ በቀጥታ ከባትሪ የሚበሉበት የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን ይግባ።

ወደ ክንፍና ወደ ጭራ የሚሄደው ሽቦ ውፍረት ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ማራዘሚያ ሲሄድና ሲመለስ 1.8 ሜትር ነው። በ4 አምፔር፣ ቁጥር 22 ሽቦ ላይ 0.4 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በቀጭኑ ቁጥር 26 ላይ ግን 1 ቮልት ገደማ (የቁጥሩ ማደግ የሽቦው መቅጠን መሆኑን አትርሱ)። 7.4 ቮልት ላይ 1 ቮልት ማጣት ከ25ቱ ኪሎ-ሴንቲ 3ቱን መንገድ ላይ መጣል ነው። ቁጥር 22 ወይም 20 ተጠቀሙ። የሶኬቶቹን መጋጠሚያ በክር ወይም በሙቀት በሚጠብቅ ላስቲክ እሰሩት፣ ንዝረት ይፈታዋል።

ባለ 2 ሴል ሊፌ ባትሪ (6.6 ቮልት) ተቆጣጣሪ ሳይፈልግ በቀጥታ ስለሚያበላ፣ ቮልቱም እስከ መጨረሻው ስለሚረጋ ለጀማሪ ይቀላል። ለ50 ሲሲ እያንዳንዳቸው ከ2,500 እስከ 3,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። የሚበላውን ለማወቅ ከአንድ በረራ በኋላ ባትሪውን ሙሉና ቻርጀሩ ስንት እንደመለሰ ጻፉት፤ ከሦስት በረራ በኋላ የራሳችሁን ቁጥር ታገኛላችሁ። ደሴ ላይ ለሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ሊፖ ደግሞ ሸክም ሲመጣበት ቮልቱ ዘጭ ይላል። ጠዋት ለማብረር ከሆነ ባትሪው ሌሊቱን ቤት ውስጥ ይደር፣ ፈተናውም ሜዳ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ይደገም። መብራት ስለሚጠፋ ቻርጀሩ ከመኪና ባትሪ፣ ከ12 ቮልት የሚሠራ ይሁን።

ሲደርስ መፈተን

አውሮፕላኑ ላይ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ሰርቮ ጠረጴዛ ላይ ፈትኑ። ስመ ጥር ምልክት የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ብዙ ነው፣ ከውጭ በዓይን አይለይም። ሚዛን ላይ ግን ይለያል፤ ግራሙ ከወረቀቱ በብዙ ከወረደ ውስጡ የተጻፈው አይደለም።

ሰርቮውን በሞርሳ እሰሩት፣ ገላውን እንዳይጨፈልቀው በሁለት በኩል እንጨት አድርጉ። የብረት ክንድ ግጠሙ፤ ከመሃል በትክክል 2.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለችው ቀዳዳ በመንጠቆ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን አያይዙ፣ የሚዛኑን ሌላ ጫፍ እሰሩ። ሰርቮውን ወደ ዳር አዙሩና ሚዛኑ ያነበበውን በ2.5 አባዙ። 25 የተባለው 10 ኪሎ ማንበብ አለበት። ከ2 ሰከንድ በላይ አትገትሩት፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ያኔውኑ በመልቲሜትር ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ፤ 7.4 መስሏችሁ ስትለኩ ባትሪው ወደ 6.6 ወርዶ ከሆነ የለካችሁት የ6.6 ጉልበት ነው፣ ሰርቮው አልዋሸም።

ጨዋታውን ለመለካት ሰርቮው በርቶ መሃል ላይ ይቁም፣ ክንዱን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ ነቅንቁ። ከተገጠመ በኋላም የገጹ ኋላ ጠርዝ ላይ ማስመሪያ ይዛችሁ ድገሙት። ቀንዱ 4፣ ገጹ 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቀንዱ ላይ ያለች 0.3 ሚሊ ሜትር ልልነት ጠርዙ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከዚህ ካለፈ እኛ አናበርም፤ ምንጩን ከጥርሱ፣ ከክንዱ፣ ከማያያዣው ኳስ፣ ከማጠፊያው አንድ በአንድ እንፈልጋለን። ማጠፊያው ላይ ያለውን ክፍተት በታች በኩል በግልጽ ስኮች መሸፈንም መርገብገብን ይቀንሳል፣ ገጹም የበለጠ ይታዘዛል።

አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰርቮ ካለ ሞዴላቸው አንድ ይሁን፣ እርስ በርሳቸውም አይጣሉ። አንዱን ዘንግ ፈትታችሁ ሌላውን ብቻ አስገቡ፤ የተፈታው ዘንግ በመሃል፣ በላይና በታች ዳር፣ ሳይገፋ ቀዳዳው ላይ ልክ መግባት አለበት። ካልገባ የዘንጉን ርዝመት፣ ቀጥሎ የሁለቱን ዳር በሪሞት ወይም ሰርቮዎቹን በሚያስማማው ማስተካከያ ሳጥን አስተካክሉ። ከዚያ አሚሜትር በየሰርቮው መስመር ላይ አስገቡ፦ ሥራ ፈቶ የቆመ ዲጂታል ሰርቮ በአሥር ቤት ወይም ከመቶ ጥቂት ያለፈ ሚሊ አምፔር ነው የሚበላው፤ 500 ካነበበ ወንድማማቾቹ እየተጋፉ ነው። ይህ ጸብ ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ ባትሪ ይበላል፣ ሰርቮ ያግላል፣ እዚህ ያለው ስስ አየር ደግሞ ማቀዝቀዙ ላይም ደካማ ነው።

አገጣጠም

የሰርቮው መቀመጫ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ባልሳ (ለስላሳው የሞዴል እንጨት) ላይ ብቻ አይታሰርም። ጎማዎቹ ውስጥ የሚገቡት የናስ ቱቦዎች ሰፊ ከንፈራቸው ወደ እንጨቱ ይዙር፣ ማለትም ከታች ይገባሉ፤ ከላይ ከገቡ ከንፈሩ እንጨቱን በስቶ ይገባል፣ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ሰርቮው ያልፋል። ብሎኑን መጀመሪያ አስገብታችሁ አውጡት፣ ቀዳዳው ውስጥ አንዲት ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ አድርጉና ሲደርቅ መልሳችሁ እሰሩ፤ ፊሌቶው ይጠነክራል።

የክንዱ መሃል ብሎን ብረት ለብረት ከሆነ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ቀዩን አይደለም፣ እሱ ከገባ በኋላ ያለ ሙቀት አይፈታም። ማጣበቂያው ፕላስቲክ እንዳይነካ፣ ይሰነጥቀዋል። ዘንጉ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብረት ወይም ታይታኒየም ይሁን፣ በአንድ በኩል ቀኝ በሌላ በኩል ግራ ፊሌቶ ያለው ከሆነ ሳይፈታ በቁልፍ ይስተካከላል። በሁለቱ ጫፎች የኳስ ማያያዣ፣ በብሎንና ራሱ በሚቆልፍ ዳዶ። ለትንንሽ አውሮፕላን የሚሠራው የታጠፈ ሽቦና የናይሎን መቆንጠጫ እዚህ ቦታ የለውም።

ሲያልቅ ሪሞቱን ዳር ድረስ ያዙና ጆሮ ስጡ። ዳር ላይ የሚያጉረመርም ሰርቮ የሆነ ነገር እየገፋ ነው። ጉዞውን 2 ወይም 3 ከመቶ ቀንሱለት። ተቃጥለው ከወረዱ ሰርቮዎች ብዙዎቹ የተቃጠሉት በበረራ ሸክም አይደለም፣ መሬት ላይ ዳር ነክተው ሲገፉ ነው።

የመንገዱ ነገር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን ለሰርቮ ጥርስ ከአንድ ወር በረራ ይከብዳል። ክንፍ ሚኒባስ ውስጥ ሲደገፍ ወይም ፖርቶ መጋላ ላይ ሲታሰር ገጹ ከአንድ ነገር ጋር ይጋጫል፤ የ13 ሴንቲ ሜትር ገጽ ጠርዝ ላይ ያረፈች ትንሽ ምት፣ ቀንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ዘንጉ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆና ትደርሳለች። ሰርቮው ጠፍቶ ስለሆነ ድምፅ የለም፣ አንዷ ጥርስ ትሰነጠቃለች፣ የምትወልቀው በሚቀጥለው በረራ ላይ ነው። በሁለት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ መካከል ስፖንጅ አድርጋችሁ፣ ኤሌሮኑንና የክንፉን ቋሚ ጠርዝ አንድ ላይ የሚይዝ መቆለፊያ ሥሩ፤ ረደሩም ላይ እንዲሁ። ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፣ ሳይፈታ እንዳይበር።

ሜዳ ስትደርሱ፣ ቦሩ ሜዳም ይሁን ገራዶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ እያንዳንዱን ገጽ በእጅ ይዛችሁ ሪሞቱን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ውሰዱ። ደህና ጥርስ ወጥ ሆኖ ይገፋችኋል። አንድ ቦታ ላይ ጠቅ ካለ ወይም ለቅጽበት ከላላ ያ ሰርቮ ይውረድ፣ ትርፉ ይግባ፣ መሃሉና ዳሩ እንደገና ይስተካከል። የወረደውን ቤት ስትመለሱ ክፈቱት፤ ጥርሱ ብቻ ከሆነ በመለዋወጫው ይድናል፣ መሃል ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ቦታውን የሚነግረው ፖቴንሽዮሜትር በንዝረት ተበልቷል፣ ያንን ለጋዝ እንኳ አንመልሰውም።